አንበሳው ገና አልመጣም

ጦጣ ለማየት ቲኬት መቁረጥ ለጭሮ ሰው ቀልድ ነው። ጦጣው ራሱ ጓሯችን ድረስ መጥቶ በቆሏችንን ይመነትፋል፤ ጅቡም ሲመሽ በደጃችን ያልፋል። ያም ሆኖ በዚያ ቅዳሜ አባቴ ቢቂላ፣ እናቴ አባይነሽ፣ ከሂርና ልትጠይቀን የመጣችው የአባቴ እህት አዳዳ እሴትና እኔ የእሁድ ልብሳችንን ለብሰን ከከተማው ዳር ወዳለችው ትንሽ የእንስሳት ማቆያ ሄድን። አባቴ ተስፋዓለምንም ጋብዞት ነበር።

ተስፋዓለም ማን እንደሆነ ልናገር፤ ስሙን ስጠራ ደሜ ቢፈላም። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ጭሮ የመጣው ፊዚክስ ሊያስተምር ተመድቦ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እሱ ኪቦርድ ይጫወታል፣ እኔ እዘምራለሁ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ልምምድ ጨርሰን ስንወጣ በሩ ጋ ቆም አለና ጫማውን እያየ «ላገባሽ እፈልጋለሁ» አለኝ። እኔም በእኛ ዘንድ ጨዋ ሴት የምትለውን አልኩት።

«ልጸልይበት።»

ጸለይኩ። እውነቱን ለመናገር መልሱ የመጣልኝ ገና ዓይኔን ሳልጨፍን ነበር። ቢሆንም ሥርዓት ነው ብዬ ጾምኩ፣ ተንበረከኩ፣ ከዚያም መልሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ወጣት ሴቶችን የምትመክረው እህት ዓለምሸት «ሴት ልጅ መልሷን ይዛ አትዞርም፤ ራሱ መጥቶ ይጠይቅሻል» ብላኝ ነበር።

አልመጣም። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። በየእሁዱ «ጌታ ይባርክሽ፣ እህት ፌኔት» ይለኝና ኪቦርዱን በጨርቅ መጠቅለሉን ይቀጥላል። እህት! ያቺን ቃል እንደዚያ ክረምት ጠልቻት አላውቅም።

ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ ለትንሽ ደቂቃ ብቻውን ላገኘው። የማቆያው ጠባቂ አብዱልቃዲር ግን ቁልፎቹን እያንቋቋ በሩ ላይ ተቀበለንና «ቤተሰብ አንድ ላይ ነው የሚሄደው፤ መበታተን የለም» አለን። አዳዳ እሴት ይህን ስትሰማ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

መጀመሪያ ያየነው ጅቡን ነው። ጀርባውን ሰጥቶን ተኝቷል።

«ጅብ ልታሳዩኝ ነው ከሂርና ያመጣችሁኝ?» አለች አዳዳ እሴት። «እኛ ጋ ሞልቶ የለም እንዴ!»

አባቴ ሳቀ። «ለአንቺ ብቻ አይደለም፤ ተስፋዓለምም ጭሮን ይሰናበት ብዬ ነው። ዝውውሩ ወጥቶለት ነገ ማለዳ ወደ አገሩ ሊሄድብን ነው።»

ዝውውር። ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። ተስፋዓለምን አየሁት፤ እሱ ጅቡን ያያል። ሁለቱንም በድንጋይ ብላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ዔሊዎቹ ስንሄድ እርምጃዬን ቀነስኩና አጠገቡ ደረስኩ።

«አንተ ነህ የጠየቅከው?»

«ዝውውሩን? አዎ። እኔ…»

«ፌኔ!» አለች እናቴ ከፊት። «ውሃውን የያዝሽው አንቺ አይደለሽም? አባትሽ ጠማው!»

ውሃውን አቀበልኩ። ዔሊዎቹን አየን፤ አንዷም አልተንቀሳቀሰችም፤ እናቴ ግን እስክትንቀሳቀስ እንጠብቅ ብላ አቆመችን። ሰጎኗ ጋ ስንደርስ በዚህኛው ጊዜ እሱ ራሱ ተጠጋኝ። ፊቱ ከስቷል። እንዴት እስካሁን አላየሁትም?

«የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወንድም አያና፣ ስትጸልይ አትጎትጉታት፣ ራሷ ትነግርሃለች አለኝ» አለ በዝግታ። «ጠበቅኩ። ዝም ስትዪ፣ አልፈለገችኝም፣ ለመናገር አፍራ ነው ብዬ ደመደምኩ። በየእሁዱ አጠገብሽ መቆም ከበደኝ፣ ፌኔት።»

እህት አላለኝም። አፌን ከፈትኩ።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ» አለች አዳዳ እሴት በመሀላችን አንገቷን አስግጋ፣ «ይሄ ወፍ ነው ወይስ ግመል?»

«ወፍ ነው፣ አዳዳ» አለ ተስፋዓለም። «ግን አይበርም።»

«ለምን አይበርም?»

ማብራራት ጀመረ! ስለ ክብደት፣ ስለ ክንፍ፣ ስለ አጥንት። እኔ የዕድሜ ልኬ ጉዳይ አፌ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እሱ የሰጎን አጥንት ያስተምራል። መምህር ማግባት ምን ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያም ሆኖ ፈለግኩት፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

መጨረሻ ላይ የአንበሳው ቤት አለ። ሰፊ ነው፣ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። «አንበሳው በቅርብ ቀን ይገባል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበታል፤ ሰሌዳው በፀሐይ ብዛት ደብዝዟል።

«እኔ የመጣሁት ለአንበሳው ነው» አለች አዳዳ እሴት።

«ኢንሻአላህ ይመጣል» አለ አብዱልቃዲር።

«መቼ?»

«እሱን እኔም እጠይቃለሁ፣ እናቴ።»

የመዝጊያው ሰዓት ደርሶ ነበር። አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። «እንግዲህ ልጃችንን በጸሎት እንሸኘው» አለ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ክብ ሠራን። አዳዳ እሴት በእኔና በተስፋዓለም መሀል ገባች። አብዱልቃዲር በአክብሮት ራቅ ብሎ ቆመ።

አባቴ ጸለየ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ጎማው ጸለየ። እናቴ ስለ ጤናው ጸለየች። አዳዳ እሴት ጌታ መልካም ሚስት እንዲሰጠው ስትለምን ጥርሴን ነከስኩ።

«ፌኔት፣ ቀጥዪ» አለ አባቴ።

ቀኑን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አላስጨረሱኝም። የሚጸልይን ሰው ግን እኛ ቤት ማንም አያቋርጥም። ይህ ድንገት ገባኝ።

«ጌታ ሆይ» አልኩ፣ «ይህ ወንድም ከፋሲካ በኋላ ላግባሽ ብሎ እንደጠየቀኝ አንተ ታውቃለህ።»

የእናቴ እጅ እጄ ውስጥ ደርቆ ቀረ።

«ልጸልይበት አልኩት። አንተም መለስክልኝ። እኔ እስኪጠይቀኝ፣ እሱ እስክነግረው ስንጠብቅ ክረምቱ አለፈ። ጌታ ሆይ፣ መልሱ እሺ ነበር። ዛሬም እሺ ነው። እወደዋለሁ። መንገዱን ባርክለት፤ ግን በጣም ተናድጃለሁ። በኢየሱስ ስም።»

አሜን የሚል ጠፋ። ዓይኔን ለመግለጥ ፈራሁ። ከዚያ ከአዳዳ እሴት ማዶ አንድ የተሰበረ ድምፅ «አሜን» አለ።

ዓይኔን ስገልጥ አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል።

«ከፋሲካ ጀምሮ?»

«አዎ፣ ጋሼ» አለ ተስፋዓለም።

«ታዲያ ምን ነክቷችሁ ዝም አላችሁ?»

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ሽማግሌ ይላክ እንጂ» አለች፤ «በእንስሳ መሀል እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?»

አዳዳ እሴት የሁለታችንንም እጅ ለቃ ከመሀላችን ወጣች።

«እስቲ ያንን ጅብ ደግሜ ልየው» አለች። «ቢቂላ፣ ና። አባይነሽ፣ አንቺም።»

አብዱልቃዲር «መበታተን…» ብሎ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ቁልፉን ይዞ ተከተላት።

ብቻችንን ቀረን። ቀኑን ሙሉ የተመኘሁት ይህንኑ ነበር።

«ዝውውሩ ይቀራል?» አልኩት።

«አይቀርም። በእኔ ቦታ የተመደበው መምህር ገብቷል።»

«ብትጠይቀኝ ኖሮ!»

«ብትነግሪኝ ኖሮ…»

ባዶውን የአንበሳ ቤት አየን።

«ለገና ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ» አለ።

«አሁን ጠይቀኝ።»

«መልሱን ሰማሁ እኮ፣ እህት…»

«እህት አትበለኝ! ጠይቀኝ።»

ጠየቀኝ። በዚህኛው ጊዜ ጫማውን አላየም፤ እኔን ነው ያየው። ክረምቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ቆንጆ መልስ ነበረኝ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ሁሉ ነበረበት። አንድም ቃል አልመጣልኝም። «እሺ» ብቻ አልኩት። እጄን ያዘኝ። የነገው አውቶቡስ ማለዳ እንደሚነሳ ያን ጊዜ ትዝ አለኝና፣ እጁን ሳልለቅ፣ በንዴት አለቀስኩ።