የአባባ እግር ተኝቷል

ሰማይ ወርዶ ውሃ ላይ በሚተኛበት፣ በሐይቁ ዳር፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች።

አያቷ አባባ ይግዛው ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ቆመው ሲውሉ፣ ቆመው ሲያመሹ፣ እግራቸው ደከመ።

ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቁስል ወጣ። ቁስሉም አልድን አለ።

«አባባ፣ ሐይቁ ላይ ያሉትን ነጫጭ ወፎች መቼ ነው የሚያሳዩኝ?»

«እግሬ ሲድን ነዋ፣ ትርንጎዬ። እግዜር ያውቃል።»

ከጤና ጣቢያ ሲስተር ውድነሽ መጣች። ቁስሉን አጠበች። ከእግር ጣት እስከ ጉልበት ፋሻ ጠቀለለች። ጠቅለል፣ ጠቅለል፣ ጠበቅ!

«እግርዎ ውስጥ ያለው ደም ሽቅብ መውጣት አቅቶታል» አለች። «ፋሻው ይደግፈዋል። ሲቀመጡ ደግሞ እግርዎ ከፍ ብሎ ይተኛ።»

ትርንጎ ትራስ አመጣች። ሌላም ደረበች። እግሩ ደመና ላይ የወጣ መሰለ።

ፋሻ አቅፎት፣ ትራስ አዝሎት፣ የአባባ እግር ተኛ።

ኳ! ኳ! ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ሊጠይቋቸው መጡ።

አባባ ብድግ! «ኖር!» አሉ።

«በእግዜር! በሞቴ ይቀመጡ!» አሉ እትዬ ጥሩዬ።

ፋሻ አቅፎት፣ ትራስ አዝሎት፣ የአባባ እግር ተኛ።

ኳ! ኳ! ሌላ ጠያቂ መጣ። አባባ ብድግ! «ኖር!»

«በእግዜር!»

ሲመሽ እግሩ አበጠ። ቁስሉም ፋሻውን አረጠበው።

ሲስተር ውድነሽ ስትመለስ ደነገጠች። «ማነው ይህን እግር የሚቀሰቅሰው?»

«እንግዳ ነዋ!» አሉ አባባ። «ሰው ሲገባ ተጎልቼ ልቀበል? ነውር አይደለም እንዴ?»

«እንዲህ ከሆነማ ቁስሉ አይድንም።»

ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች። በሐሳቧ ነጫጮቹ ወፎች ራቁ፣ ራቁ፣ ራቁ።

ኳ! ኳ! አሁን የመጡት መምሬ ጥበቡ ናቸው፣ መስቀላቸውን ይዘው።

አባባ ለቄስ ሳይነሡ ቀርተው አያውቁም። እግራቸው ከትራሱ ሊወርድ ሆነ።

ብድግ! ትርንጎ ቀደመቻቸው።

«ኖር!» አለች። «እኔ የተነሣሁት በአባባ ፋንታ ነው። ሽሽሽ! እግራቸው ተኝቷል።»

መምሬ ሳቃቸውን ዋጡ። «በእግዚአብሔር!» አሉ በሹክሹክታ። «እንግዲህ እንዳንቀሰቅሰው!»

አባባንም እንደተቀመጡ መስቀል አሳለሟቸው። «ልብዎ ከተነሣልኝ ይበቃኛል» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ፣ ኳ! ኳ! ሲል ትርንጎ ብድግ! «ኖር!»

«በእግዜር! እደጊ!»

ፋሻ አቅፎት፣ ትራስ አዝሎት፣ የአባባ እግር ተኛ።

ቁስሉ ቀስ በቀስ አነሰ። ባቄላ አከለ። ምስር አከለ። ጤፍ አከለ። ከዚያ ጠፋ።

«ተመስገን!» አሉ አባባ።

«ተመስገን!» አለች ሲስተር ውድነሽ። «ግን ፋሻውን ቢተዉም ደሙን የሚደግፈውን ይህን ጠባብ ካልሲ እንዳይተዉ።»

አባባና ትርንጎ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ሐይቁ ሄዱ። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ።

ነጫጮቹ ወፎች ሲያዩአቸው ብድግ አሉ! ውሃውም ሰማዩም ክንፍ በክንፍ ሆነ።

«አየሽ፣ ለኛ ተነሡ» አሉ አባባ።

«በእግዜር!» አለች ትርንጎ። «በሞቴ ተቀመጡ!»

ወፎቹም ተመልሰው ውሃው ላይ ተቀመጡ።

ማታ ትርንጎ አልጋዋ ላይ ተጋደመች። ትንንሽ እግሮቿ ደክመዋል። አባባ ትራስ አደረጉላቸው።

እናቷ ብርድ ልብስ ይዛ ገባች። ትርንጎ በእንቅልፍ ልቧ ልትነሣ አለች። «ኖ…»

«ተኚ፣ ትርንጎዬ» አሉ አባባ። «አሁን ተራው የኔ ነው።»

በዳነው እግራቸው ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር!» አለች እናቷ፣ ቀስ ብላ።

ብርድ ልብስ አቅፏት፣ ትራስ አዝሏት፣ ትርንጎ ተኛች።