ሦስት ማሽን፣ አንድ ባልዲ

ሟቹ በጀርባው ተዘርግቷል፤ አንድ እጁ ደረቱ ላይ፣ አንድ ጫማው ወልቆ፣ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጠረጴዛው ሥር። ዙሪያውን ወለሉ እዚህም እዚያም ገና እርጥብ ነው። በሩ አጠገብ አንድ ባልዲና አንድ መወልወያ ቆመዋል። ኢንስፔክተሯ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስትደርስ ሳጅኑ ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቃት።

«አደጋ ነው» አላት። «የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ወልውላ ሳይደርቅ ጥላው ሄደች። ሰውየው ገባ፣ አዳለጠው፣ ጭንቅላቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ። ሴትዮዋን ጣቢያ ልኬያታለሁ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው።»

«ስትወለውል ያያት ሰው አለ?»

«ባልዲዋ አለ።»

«ባልዲ ከመቼ ወዲህ ነው የሚመሰክረው?»

ኢንስፔክተሯ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ አንድ ነገር ለምዳለች፤ ጥፋተኛ ሲጠፋ መወልወያ የያዘ ሰው አይጠፋም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። መልመዷ ግን ንዴቷን አላበረደላትም።

ቤቱ የቤት ዕቃ እየተፈተነ የሚወዳደርበት መሥሪያ ቤት ነው። በየወሩ በሚያወጣው መጽሔት «ይህን ግዙ፣ ያንን አትግዙ» ይላል፤ ሰውም አምኖት ይገዛል። ሟቹ ዋናው ፈታኝ ነበር። በገዛ እጁ ያልመዘነውን ነገር ስለማያምን ሁሉም «ሚዛኑ» ይሉታል። የዚህ ወር ተረኞች እየዞሩ የሚጠርጉና የሚወለውሉ ሮቦቶች ናቸው። ሚዛኑ ክፍሉን ግማሹን በሴራሚክ ግማሹን በእንጨት አንጥፎ፣ አሸዋ በግራም መዝኖ ይበትናል፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አፍስሶ ያደርቃል፣ ከዚያ ማሽኖቹን በየተራ ይለቃቸዋል። አሁን ሦስቱም ምንም እንዳላየ ሰው በየማረፊያቸው ተቀምጠዋል።

ኢንስፔክተሯ አስከሬኑ እንዲነሳ አዘዘች። ከሥሩ ወለሉ ደረቅ ነበር። አሸዋው እንደተበተነ፣ ሻዩ እንደደረቀ አለ። የሟቹ ሸሚዝ ጀርባም አሸዋ ይዟል እንጂ ጠብታ ውሃ አልነካውም።

«ሳጅን፣ እርጥብ ወለል ያንሸራተተው ሰው ጀርባው እንዴት ይደርቃል?»

ሳጅኑ አጎንብሶ አየ። «እንግዲያው... መጀመሪያ ወደቀ፣ ከዚያ ዙሪያው ተወለወለ።» ፊቱ በራ። «ይሄማ የባሰ ነው! ገፍትራ ገደለችው፣ ከዚያ ዱካዋን ወልውላ አጠፋች። ነፍስ ግድያ ነው!»

ኢንስፔክተሯ ጥርሷን ነከሰች። የሴትዮዋን ገመድ ላላላ ብላ ይበልጥ አጠበቀችው። ከአሁን በኋላ እውነተኛው ገዳይ ካልተገኘ እኚያ ሴት ቀሪ ዕድሜያቸውን እስር ቤት ሊጨርሱ ነው። ተንበርክካ ወለሉን በዓይኗ ለቀመችው። መሃሉ ጠርቷል። አራቱ ጥግ ላይ ግን ሦስት ጣት የሚያህል አሸዋና የሻይ እድፍ ሳይነካ ቀርቷል።

ሴትዮዋን ጣቢያ አግዳሚ ላይ አገኘቻቸው፤ የሥራ ሽርጣቸውን እንኳ አላወለቁም። አላለቀሱም። ተቆጥተው ነበር።

«እናቴ፣ ዛሬ ያንን ክፍል ወልውለዋል?»

«ስድስት ዓመት ሠርቼ ደጃፉን አልረገጥኩም! ሚዛኑ ራሱ ነው የከለከለኝ። ‹የእርስዎ እጅ ከገባበት ማሽኖቹ ምን ያጸዳሉ?› ይለኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ባልዲዬ ደረጃ ሥር ነው የሚቀመጠው። ምሳዬን ግቢ ውስጥ በልቼ ስመለስ የለም።»

«ወለሉ ግን ተወልውሏል። ጥግ ጥጉ ብቻ ነው የቀረው።»

ሴትዮዋ ተነስተው ቆሙ። ጠባቂው ፖሊስ ደንግጦ ተጠጋ።

«ምን ቀረ? ጥግ? እኔ ጥግ ትቼ? ስሚ ልጄ፣ ገደልሽ በይኝ፣ ፍርድ ቤት እንከራከራለን። ጥግ ትተሽ ወለወልሽ ግን አትበይኝ! ሰው ሲያጸዳ ከጥግ ነው የሚጀምረው። መሃሉንማ የሰው እግርም ይጠርገዋል!»

ኢንስፔክተሯ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቅ አማራት። መወልወያ ይታጠፋል፣ ጥግ ይገባል። የማይታጠፍ ክብ ነገር ብቻ ነው ጥግ የሚያስቀረው። እየተቻኮለች ተመለሰች።

ቴክኒሻኑ ምድር ቤት ባለው ወርክሾፑ ውስጥ እጁን በቅባት ነክሮ ተቀምጧል።

«ከሦስቱ ማሽኖች ጥግ የሚደርሰው የቱ ነው?»

«ለገዢ የሚነገረውን ልንገርዎ ወይስ እውነቱን?»

«ተናድጃለሁ። እውነቱን ንገረኝ።»

«አንደኛው እርጥብ ጨርቅ ይጎትታል፤ ቆሻሻውን ከዚህ አንስቶ እዚያ ይቀባዋል። ሦስተኛው ጎበዝ ነው፣ ምንጣፍ ሲያይ ግን ይደነብራል። ሁለተኛው ስም ያለው ነው። ጨርቁን ራሱ ያጥባል፣ ክንዱን ዘርግቶ ጥግ ይደርሳል ይላል ካርቶኑ።»

«ይደርሳል?»

«ካርቶኑ ላይ።»

«ከሩቅ ማዘዝስ ይቻላል?»

«በስልክ፣ ካሉበት ሆነው። ሚዛኑ፣ ምክትሉና እኔ ሦስቱንም እናዛለን። አስመጪው ደግሞ ያመጣውን ብቻ፣ ሁለተኛውን።»

«ዛሬ ሲሠራ አልሰማህም?»

«እዚያ ክፍል ቀኑን ሙሉ ማሽን ይጮሃል። ማን ልብ ይለዋል?» ቴክኒሻኑ ራሱን ነቀነቀ። «ሚዛኑን ስድስት ሰዓት ላይ ነው ያየሁት። ሁለተኛውን ከካርቶኑ ያወጣነው ገና ትናንት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው አያናግርም ነበር፤ ጢሱ በአፍንጫው ይወጣል።»

ወደ ክፍሉ ወጡ። ኢንስፔክተሯ የሦስቱንም ማረፊያ አስከፈተች። ሁለቱ ባዶ ነበሩ። የሁለተኛው ማሽን ማረፊያ ጀርባ ያለው የቆሻሻ ውሃ መያዣ ግን ሙሉ ነበር፤ ውሃው የሻይ መልክ አለው፣ ከላዩ ደግሞ ቀላ ያለ ነገር ተንሳፍፏል።

«ጠዋት እኮ ደፍቼዋለሁ» አለ ቴክኒሻኑ፤ ድምፁ ሰለለ። «በየቀኑ ካልደፋሁት ይሸታል...»

ኢንስፔክተሯ ውሃውን በጠርሙስ አሽጋ ወደ ምርመራ ላከች።

አስመጪው ላቡን እየጠረገ ነው የተቀመጠው። ጠዋት በስልክ ለሚዛኑ «አጠፋሃለሁ!» ብሎ ሲጮህ ቴክኒሻኑ ሰምቶታል።

«በንግድ ነው ያልኩት ኢንስፔክተር! ‹ማሽንህን መጨረሻ ነው የማወጣው› ሲለኝ ምን ልበለው?»

«ማሽንህ ጥግ ይደርሳል?»

በሩ መዘጋቱን አየ። «በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅርና... በቀን አሥር ደንበኛ እየደወለ ይሰድበኛል። ሚስቴ ራሷ ቤቴ እንዳታስገባው ብላኛለች።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እስከ ስምንት ሰዓት ሱቁ ውስጥ እንደነበር፣ ሚዛኑን ሊለምን ሲመጣ በር ላይ ምክትሉን እንዳገኘው፣ አብረው ሲገቡም አስከሬኑን እንዳዩ ተናገረ።

ምክትሉ ጥቁር ለብሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የመጣው። የመጽሔቱን የውድድር ውጤት የሚጽፈው እሱ ነው።

«ለሴትዮዋ ምሕረት እንዲደረግላት እለምናለሁ» አለ። «ሆን ብላ አይደለም። ያልተማረች ናት።»

ኢንስፔክተሯ የእርሳሷን ጫፍ ወረቀቱ ላይ ሰበረችው።

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ሩብ ጉዳይ ማተሚያ ቤት። መጽሔቱ ነገ ይወጣል። ወለሉ እንደሆነ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል፤ ስንገባ እርጥብ ነበር። እኔ በሌለሁበት ነው የተወለወለው።»

«ጥሩ አስበውበታል። ጽሑፉን ልየው?»

ሰጣት። ሁለተኛው ማሽን አንደኛ ወጥቷል። «ክንዱን ዘርግቶ እስከ ጥጉ ድረስ ይወለውላል። ቆሻሻውን ራሱ ያስወግዳል፤ እጅ አያስነካም» ይላል። ኢንስፔክተሯ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ማተሚያ ቤት ደወለች። ስልኩን ዘግታ ቴክኒሻኑን አስጠራች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ቴክኒሻኑ አሸዋውን በትኖ፣ ሻዩን አድርቆ ወለሉን እንደ ትናንቱ አዘጋጅቶታል። ሳጅኑ ሴትዮዋን በካቴና አምጥቶ ግድግዳ ሥር አቆማቸው።

«ከማሽኖቹ በአንዱ ይህን ወለል እስከ ጥጉ ላስወለውል ፈለግሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «የትኛውን ልዘዝ? ምክትል፣ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ሁለተኛውን ነዋ» አለ ምክትሉ ሳያመነታ። «ክንድ አለው።»

ቴክኒሻኑ ሳቅ አመለጠው። አስመጪው ወደ ጫማው አቀረቀረ። ኢንስፔክተሯ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ እያጉረመረመ ወጣ፣ ግድግዳውን ታክኮ ሄደ፣ ጥጉ ጋ ሲደርስ አጭር ክንዱን አወጣ፣ አወዛወዘ፣ ተመለሰ። ሦስት ጣት የሚያህል አሸዋ ቀረ። ሁለተኛው ጥግም እንዲሁ። ምክትሉ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ማየትዎ ነው፤ አይደል?» አለች። «እንግዲህ ስሙኝ። ሚዛኑ የወደቀው ደረቅ ወለል ላይ ነው፤ ጀርባው ይናገራል። የተወለወለው ከወደቀ በኋላ ነው። የወለወለው ሰው አይደለም፤ ጥጉ ይናገራል። የወለወለው ሁለተኛው ማሽን ነው፤ ቴክኒሻኑ ጠዋት የደፋው መያዣ ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ተገኘ፣ ውስጡም የሟቹ ደም አለ። ውጤቱ ይኸው። ማሽኑ ደግሞ በስልክ ከየትም ይታዘዛል። ስለዚህ ‹ወለሉ ሲረጥብ እኔ ማተሚያ ቤት ነበርኩ› ማለት ማንንም ነፃ አያወጣም።»

«ሦስታችንም ልናዝዘው እንችል ነበራ!» አለ ምክትሉ።

«ትችሉ ነበር። ገዳዩ ግን ባልዲ አስቀምጦ ሄዷል። ሰው ወለወለው እንዲባል ነው የፈለገው። ለዚያ ጥግ የሚደርስ ማሽን ያስፈልገዋል። ቴክኒሻኑ እንደማይደርስ ያውቃል። ቆሻሻው ውሃ ማረፊያው ውስጥ እንደሚቀርም ያውቃል፤ በየቀኑ የሚደፋው እሱ ነው። አስመጪው ከደንበኞቹ ስድብ ተምሯል፤ የራሱን ዕቃ የራሱ ቤት አያስገባም። ጥግ ይደርሳል፣ ቆሻሻውንም ራሱ ያስወግዳል ብሎ ያመነ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ገልብጦ ለሕዝብ የጻፈው ሰው።»

«ጽሑፍ ወንጀል አይደለም!»

«ማተሚያ ቤቱን አነጋግሬያለሁ። ጽሑፍህ እዚያ የገባው ከሳምንት በፊት ነው።» አንቱታው አበቃ። «ማሽኑ ከካርቶኑ የወጣው ግን ከትናንት ወዲያ። ሚዛኑ ይህን ደረሰበት። አምስት ተኩል ላይ ደውሎ ‹ማተሙን አቁሙ፣ እርማቱን ራሴ ይዤ እመጣለሁ› ብሏቸዋል። ስድስት ተኩል ላይ አንተ ደርሰህ ምን አልክ? ‹ሚዛኑ ሐሳቡን ቀይሯል፣ አትሙት።› በሕይወት ያለ ሰው አንድ ስልክ ቢደውል ውሸትህን ያፈርሰው ነበር። አንተ ግን እንደማይደውል ታውቅ ነበር። ሳጅን፣ ስልኩን ተቀበለው። ማተሚያ ቤት ሆኖ ለማሽኑ የሰጠው ትእዛዝ እዚያ ይገኛል።»

ምክትሉ ኪሱን በእጁ ያዘ። ከዚያ ለስላሳው ድምፁ ተሰነጠቀ።

«በወር ሃያ ዕቃ! ሃያ! ማነው ሁሉንም የሚፈትነው? አንባቢው መቼ ለይቶት ያውቃል? እሱ አሸዋ ሲመዝን ይውላል፣ የማተሚያው ቀን የሚያልፍብኝ እኔ ነኝ! ‹ስምህን አወጣለሁ፣ አንባቢ ይቅርታ ትጠይቃለህ› አለኝ። ገፋሁት! ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም!»

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም፣ ሚዛኑ ወዲያው አልሞተም ነው ያለው» አለች ኢንስፔክተሯ። ቁጣዋ አሁን ጮክ አላለም፤ ቀዘቀዘ እንጂ። «ነፍሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታለች። ያኔ አምቡላንስ መፈለግ ነበረብህ። አንተ ደረጃ ሥር ወርደህ ባልዲ ፈለግህ። ለስድስት ዓመት ቢሮህን ስታጸዳልህ የኖረች ሴት ላይ ልትጥለው። ከዚያ መጥተህ ምሕረት ለመንክላት።»

ሁለት ፖሊሶች ምክትሉን ይዘውት ወጡ። አስመጪው ማንም ሳያየው ማሽኑን ከነማረፊያው ሊያነሳ ሲል ቴክኒሻኑ «እሱ ማስረጃ ነው፣ አስቀምጥ!» ብሎ ጮኸበት።

ሳጅኑ አንገቱን ደፍቶ የሴትዮዋን ካቴና ፈታ። «ነፃ ነዎት እናቴ። በጓሮ በር ላስወጣዎት፤ ውጭ ሰው ተሰብስቧል።»

ሴትዮዋ የእጃቸውን አንጓ እያሹ አዩት። «ትናንት ስታስወስደኝ በየት በር ነበር?»

«...በዋናው።»

«ማን እያየ?»

ሳጅኑ ካቴናውን ቀበቶው ላይ አንጠለጠለ።

«ባለሱቁ እያየ፣ ልብስ ሰፊዋ እያየች፣ የልጄ አማት ታክሲ ስትጠብቅ እያየች። ‹ገዳይ› ያለኝ ሰው አለ፣ ሰምተሃል። እኔ እዚሁ ሰፈር ነው የምኖረው። በጓሮ ወጥቼ የት ልግባ?» ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። «በዋናው በር ነው የምትመልሰኝ። ከአጠገቤ እየሄድክ፣ በዚህ ልብስህ። አፍ አለህ፤ ለሁሉም ትነግራቸዋለህ።»

ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው። «ሰምተሃቸዋል።»

በዋናው በር ወጡ። ባለሱቁ ከሱቁ ብቅ አለ፣ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ሴትዮዋ ምንም ጥፋት የለባቸውም፣ በስሕተት ነው...» ብሎ ጀመረ።

«አልተሰማም» አሉ ሴትዮዋ።

ሳጅኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።