ከመንገዱ ማዶ ያለው ማሽን

መርሳ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ የሚደረገው አባቴ ጋ ብቻ በነበረ ጊዜ ሾፌሮች ፀሐይ ላይ ይሰለፉ ነበር። «ጋሽ አቡበከር፣ ጥላ ቢሠሩልን?» ሲሏቸው፣ «ወልድያ ጥላ ሞልቷል፤ ሂዱ!» ይሏቸዋል። ባትሪው ያለቀ መኪና የት ይሄዳል?

ከዚያ ሚስባህ መጣ። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊታችን ማሽን ተከለ፤ ዳስም ጣለ። አባቴ በንዴት የሚበልጥ ዳስ ጣሉ። እሱ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያቀርብ እሳቸው ወንበር ደረደሩ። ሰላምታውን ግን በከንፈራቸው ብቻ ይመልሱ ነበር።

አንድ ቀን ማሽናችን ቆመ። አባቴ ሐራ ገበያ ሄደዋል። ሚስባህ መፍቻውን ይዞ ተሻገረ።

«ተፎካካሪህን ታድናለህ እንዴ?» አልኩት።

«ብቻዬን ከቀረሁ እንዳንቺ አባት እሆናለሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ብሎኑ ከእጁ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ከመንገዱ ማዶና ማዶ እንተያያለን። የጭነት መኪና በመካከላችን ሲገባ፣ እስኪያልፍ እንጠብቃለን።

ሽማግሌ ላከ። የአባቴ መልስ አጭር ነበር፦ «ማሽኑን ይንቀል፤ ልጄን ይውሰድ።»

ሚስባህ እሺ አለ። ስለወደደኝ ደስ አለኝ፤ ዳሱ ሊፈርስ መሆኑን ሳስብ ግን ከፋኝ።

የኒካህ ዕለት ሼሁ ጠየቁኝ፦ «ነሲባ፣ መህርሽ ምን ይሁን?»

መህር ሙሽራው ለሙሽራዋ የሚሰጠው ስጦታ ነውና ሁሉም ወርቅ ጠብቋል።

«ማሽኑ እንዳይነቀል» አልኩ።

«ምን አልሽ አንቺ?» አሉ አባቴ።

«አባባ፣ ጥላውን የሠሩት እሱ ከመጣ በኋላ አይደል? ሾፌሮቹስ የሚመርቁዎ ከመቼ ወዲህ ነው?»

አባቴ መሬት መሬት አዩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ኖሯል።

«ከነማሽኑ ይውሰዳት! እኔም ገና አልተሸነፍኩም።»

«ቀለበትም ይጨመርበት» አሉ ሼሁ።

አባቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። ጠዋት ማሽናቸውን እኔ ከፈትኩ። ከደሴ የመጣ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ ባሌ ከማዶ ተጣራ፦

«ቀዝቃዛ ውሃ አለ!»

«የኛ ጥላ ይበልጣል!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ቁርጥ የአባቴን ሆነ።

ሚስባህ ሰምቶ ዓይኑን በእጁ ጠርጎ ሳቀ። የጭነት መኪና በመካከላችን ገባ። እስኪያልፍ ጠበቅን።