ላዩን ብቻ የረጠበው መደብ

ሥርጉት ትባላለች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ነው። ቤቷ ከአንኮበር ቁልቁል ወርዳችሁ፣ አልዩ አምባንም አልፋችሁ ከምታገኟት ትንሽ መንደር ነው። ልጆች፣ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ደስ አይልም። መጨረሻውን ላሳምርላችሁም አልችልም። እዚያው መንደር ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር የሆነ ነገር ነው፤ ጥፋቱ እኔንም ይነካኛል።

የዚያ መንደር አፈር አሸዋ ነው። እንደ ደጋው መሬት ጥቁርና ጭቃ አይደለም። ውሃ ብታፈሱበት ዓይናችሁ እያየ ይሰርጋል። ጠዋት ያረጠባችሁትን ላዩን ቀትር ላይ ደርቆ ታገኙታላችሁ። ሰዉ ግን ከወንዙ ራስ ቦይ ጠልፎ በርበሬ ያለማበታል። ውሃው በተራ ነው የሚደርሰው። ተራውን የሚያስጠብቁት ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላሉ። ያን ጊዜ የውሃ አባት የነበሩት ጋሽ ዘርአ ዳዊት ናቸው።

የሥርጉት ጎረቤት ዙቤዳ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጇ ሰብሪና ደግሞ የሥርጉት የልብ ጓደኛ ነበረች። አንዷ በዓርብ ብትጾም አንዷ በረመዳን ትጾማለች እንጂ በሌላው ነገር አይለያዩም ነበር። በኅዳር መጨረሻ ሰብሪና በጠና ታመመች። እናቷ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ልትወስዳት ስትነሳ ሥርጉትን ጠራቻት።

«ሥርጉቴ፣ በርበሬውን ላንቺ ነው የምተወው። የዓመት እህላችንን የምንለውጠው በሱ ነው። ሌላ የለንም፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«በየአራት ቀኑ ተራችን ይደርሳል። ቦዩን ከፍተሽ መደቡ እስኪጠግብ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። እንጨት ስትሰጂበት አንድ ክንድ ከገባ ጠግቧል ማለት ነው። ሥር እኮ ውሃ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ውሃው ከወረደ ሥሩም ይወርዳል። ውሃው ላይ ከቀረ ሥሩም ላይ ይቀራል። አደራ እንግዲህ!»

«አደራውን ተቀብያለሁ» አለች ሥርጉት። ስትናገር ከልቧ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተራ በደንብ አጠጣች። ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀምጣ፣ እንጨቷን ሰዳ፣ ሲጠግብ አይታ ቦዩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ግን የጥምቀት መዝሙር ጥናት ጀመርን። ጥናቱ ረፋድ ላይ ነበር። በሦስተኛው ተራ ውሃውን ከፍታ እንደተቀመጠች ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ከበሮ ሰማች። እግሯ አላስቀምጥ አላት። ላዩ ገና ወዛ ከማለቱ ቦዩን ዘግታ ሮጠች።

በማግሥቱ ጠዋት ልቧ ወቀሳት። ጣሳ ይዛ መጣችና ከቦዩ እየቀዳች መደቡን ሁሉ ረጨችው። ካህኑ ጠበል ሲረጩ አይታለች፤ ጠብታው የነካው ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል። በርበሬውንም ይበቃዋል አለች። አያችሁ ልጆች፣ ሰው ሊሰንፍ ሲያምረው መንፈሳዊ ምክንያት አያጣም!

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በጣሳ መርጨት ሆነ ሥራዋ። ተራ ሲደርስም ውሃውን ለአፍታ ከፍታ ትዘጋዋለች። መደቡ ሁልጊዜ ርጥብ ነው። ቅጠሉ ያብረቀርቃል። አላፊ አግዳሚው «ጎሽ፣ የእናትሽ ልጅ! አንድ ቀንም አታስታጉይም!» ይላታል። እኔም በልጆቹ ፊት አቁሜ «ከሥርጉት ተማሩ፤ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም» ብዬ አመሰገንኳት። ቦዩን ማን እየጠበቀልሽ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከመሬት በታች ግን ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ሥሩ ወደ ታች ልውረድ ቢል ደረቅ አሸዋ ነው። እርጥበቱ ያለው ላይ ነው። ስለዚህ ላይ ላዩን ተንሰራፍቶ ቀረ። ይህንን ማንም አላየም።

የገና በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ናዳ ወረደና የቦዩን ራስ ሰበረው። ወንዙ በመንደሩ በኩል ገደል ሥር ነው፤ ለመጠጥ እንጂ ለእርሻ የሚበቃ ውሃ ተሸክሞ የሚወጣ የለም። የሰዉ በርበሬ ቀትር ላይ ይጠወልግና ሲመሽ ቀና ይላል። የዙቤዳ በርበሬ ውሃው በተቋረጠ በሦስተኛው ቀን ጎንበስ አለ፤ ቀናም አላለ። በስምንተኛው ቀን ሲነኩት ይፈረፈር ጀመር።

ሰዉ ተሰበሰበ። «የሌላው ሁሉ ቆሞ የመበለቲቱ ብቻ ለምን ደረቀ?» ተባለ። ተስፋሚካኤል የሚባለው ጎረቤት ቱግ አለ።

«ጋሽ ዘርአ ዳዊት፣ ልጅቷ በየቀኑ ስትለፋ አይተናል። ተራዋን ለሌላ ሰጥተውባት ባይሆን ኖሮ አይደርቅም ነበር!»

«አንድም ተራ አላስቀረሁባትም» አሉ ሽማግሌው። «ልጅቷ አለች፤ ጠይቋት።»

ሁሉም ወደ ሥርጉት ዞሩ። ልጆች፣ እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃት ነበር። እሷ ግን ፈራች። መሬት መሬቱን እያየች «አንዳንዴ… ይቀር ነበር» አለች።

በዚያው ቀን ጋሽ ዘርአ ዳዊትን ሻሯቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በታማኝነት ያስጠበቁትን ውሃ ትተው ዶማቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያልፉ ሰላምታ የሚሰጣቸው ሰው ጠፋ።

ከሦስት ቀን በኋላ ዙቤዳ ተመለሰች። ሰብሪና ተርፋለች፤ ግን አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ዙቤዳ ልጇን አስተኝታ ወደ መደቡ ወረደች። ሥርጉትም እየፈራች ተከተለቻት። ዙቤዳ አንዱን በርበሬ ሳበችው። ያለ ምንም ትግል ወጣላት። ሥሩ አንድ ስንዝር እንኳ አልወረደም፤ እንደተበተነ ጠጉር ወደ ጎን ወደ ጎን ሄዷል። ስለ ተራው የተወራውን በመንገድ ሰምታ ነበር።

«ተራው ቢቀር ኖሮ ገና ድሮ ይደርቅ ነበር» አለች። «ይኼ ላይ ላዩን ሲጠጣ የኖረ ሥር ነው። ሥርጉቴ፣ እስቲ ንገሪኝ።»

ሥርጉት አሸዋው ላይ ተንበረከከች። «ዋሸሁ እትዬ! ተራው ቀርቶ አያውቅም። እኔ ነኝ ዘግቼው እየሄድኩ… በጣሳ እየረጨሁ… ጋሽ ዘርአ ዳዊትንም እኔ ነኝ ያስሻርኳቸው።»

ዙቤዳ አልመታቻትም፤ አልጮኸችባትም። «አላህ ይቅር ይበልሽ፤ እኔም ይቅር ብያለሁ» አለች። ቀጥላም «ግን ልጄን ምን ላብላት?» አለች። ይህን ለማን እንዳለችው አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሥርጉት በሕዝብ ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች። እኔም አጠገቧ ቆሜ የራሴን ጥፋት ተናገርኩ። ከጋሽ ዘርአ ዳዊት እግር ላይ ስትወድቅ አነሷት። «ይቅር ይበልሽ ልጄ» አሉ። ሰዉ ወደ ሹመትዎ ይመለሱ ብሎ ለመናቸው። «ዳኝነት ልብ ይፈልጋል፤ የኔ ልብ ተሰብሯል» ብለው እምቢ አሉ። ቦዩ ተጠግኖ ውሃውን አሁን ሌላ ሰው ያስጠብቃል።

ረቡዕ ዕለት ዙቤዳ ዕቃዋን ጭና ሸዋ ሮቢት ወንድሟ ዘንድ ልትጠጋ ተነሳች። ሰብሪና ከእግር እስከ ራሷ ተጠቅልላ በቅሎ ላይ ተቀምጣለች። ሥርጉት ቀረብ አለቻት።

«በርበሬያችንን ያደረቅሽው አንቺ ነሽ ይላሉ» አለች ሰብሪና በደከመ ድምፅ። «እውነት ነው?»

ሥርጉት ዘንድሮ የተማረችው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

«እውነት ነው።»

ሰብሪና ፊቷን አዞረች። በቅሎዋ ሄደች። ሥርጉት መንገዱ ባዶ እስኪሆን ቆመች፤ ሰብሪና ግን ዘወር ብላ አልጠራቻትም።

ልጆቼ፣ አደራ ተቀብሎ ሰው የሚያየውን ብቻ የሚሠራ ልጅ ራሱንም ያመነውንም ሰው ይጎዳልና፣ ማንም በማያያችሁ ቦታ የተሰጣችሁን ሥራ እስከ መጨረሻው ሥሩ፤ ብታጠፉም እውነቱን ሳይረፍድ ተናገሩ።