ገመዱ ሳይፈታ የተገዛ ኮምፒውተር

የዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት በወለንጪቲ የከብት ገበያ ኦቦ ዲዳ፣ አቶ ሰብስቤና ሼህ ሱሌማን የሚባሉ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱም ፊደል አልቆጠሩም፤ የገበያውን ሥርዓት የደነገጉት ግን እነርሱ ናቸው። በእነርሱ ዘመን በሬ ታስሮ አይሸጥም ነበር። ሻጩ ገመዱን ይፈታል፤ በሬው ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ዳገቱ ይወጣል፤ ይተኛል፤ ይነሣል፤ ስለ ዋጋ አፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱን የጠየቃቸው ሰው ሲኖር ኦቦ ዲዳ፣ «ችካል ላይ እንደታሰረ ሁሉም በሬ ጤነኛ ነው» ይሉ ነበር። ገመዱን አልፈታም ያለ ሻጭ በሚቀጥለው ገበያ ሰላም የሚለው ሰው አያገኝም። «ፍታልኝ» ብሎ መጠየቅ ያፈረ ገዢም እንደ ጨዋ ሳይሆን እንደ ሕፃን ይቆጠር ነበር።

ይህንን የማነሣው ስለ ከብት ለመጻፍ አይደለም። ልጆቻችንን ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንልክ ለማደሪያ ክፍላቸው ስለምንገዛላቸው የቴክኖሎጂ ዕቃ አንድ ያየሁትን ነገር ለመናገር ነው።

የኦቦ ዲዳ ልጅ ኦቦ ሰንበታ፣ በወለንጪቲ ሳስተምር ጎረቤቴ ነበሩ። የአባታቸውን ሥራ ወርሰው ዛሬም በዚያው ገበያ ከብት ይነግዳሉ። ልጃቸው ሮባ አዳማ ውስጥ የውኃ ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ አባትና ልጅ ኪሩ ከሚባል የሮባ የማደሪያ ጓደኛ ጋር አዳማ ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። ሮባ ጉዳዩን በአጭሩ አስረዳኝ። ከሦስት የክፍል ጓደኞቹ ጋር በወንጂ የመስኖ ቦዮች የሚያልፈውን ውኃ ለክተው ጥናት እንዲያቀርቡ ታዘዋል። ጽሑፉ በታኅሣሥ መጨረሻ ካልገባ አራቱም ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት ይደግማሉ። ስለዚህ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። ኦቦ ሰንበታም ለዚሁ ሲሉ አንድ ወይፈን ሸጠው መጥተዋል። እስከዚህ ድረስ ከማንም ወገን የተሠራ ስሕተት የለም።

«በሉ እንነሣ፤ ሱቁ ሳይዘጋ» አሉ ኦቦ ሰንበታ ከዘራቸውን አንሥተው።

ሮባና ኪሩ ተያዩ።

«አባ፣ አንተ ከጋሼ ጋር ተጫወት፤ እኛ ገዝተን እንመጣለን።»

«ለምን? እኔ ገበያ ወጥቼ አላውቅም?»

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ በሬ አይደለም» አለ ኪሩ እየሳቀ። «ጥርሱ አይቆጠር፣ ጭራው አይጎተት!»

«ጥርሱንስ ተወው፤ አይነክስም ብለናል» አሉ ኦቦ ሰንበታ። «እኔ የምለው፣ የሚያሳዩአችሁ ከግድግዳው ጋር ታስሮ ነው ወይስ ተፈትቶ? ወለንጪቲ ባለው ስልክ ቤት ያየሁት ዕቃ ሁሉ በሽቦ ታስሮ ነው የቆመው።»

ሁለቱ ወጣቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ ይህንን መሸሸግ አይገባም። ከብት ነጋዴ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል የሚል አሳብ በውስጤ ነበር።

«አባ፣ እንዲህ ብለህ እዚያ ብትጠይቅ ሰው ምን ይላል?» አለ ሮባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኦቦ ሰንበታ ከዘራቸውን መልሰው ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ገንዘቡን ለልጃቸው ሰጥተው፣ «እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አሉና ተቀመጡ።

በሱቁ ውስጥ የሆነውን ኋላ የነገረኝ ሮባ ራሱ ነው። ሻጩ ሁለት ኮምፒውተሮች አቀረበላቸው። አንደኛዋ ትንሽ፣ ጠርዟ የተላጠ፣ ሻጩ በእጁ እንደያዘ ከፍቶ ያሳያት ነበረች። ሁለተኛው ትልቅ፣ ፊደሎቹ ቀይና ሰማያዊ የሚያበሩ፣ ሽቦው ግድግዳው ላይ የተሰካ ነበር።

«ይቺ ለአክስትህ ትሆናለች» አለ ሻጩ ትንሿን ወደ ጎን ገፍቶ። «ላንተ የሚሆነው ይሄ ነው። አውሬ ነው፣ ወንድሜ!»

የሚጻፈው ጥናት ቃልና ሠንጠረዥ ብቻ ስለሆነ ትንሿ ትበቃ ነበር። ሮባም የአባቱ ጥያቄ ትዝ አለውና «ሽቦውን ነቅለህ አሳየኝ» ለማለት አፉን ከፈተ። ኪሩ በክርኑ ጎሸመው።

«ኧረ ተው፤ ፋራ አታስመስለን።»

ሮባ አፉን ዘጋ። ከደረሰኙ ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም ነበረበት።

በማደሪያው ክፍል ስድስት አልጋ፣ የሚሠራ አንድ ሶኬትና አንድ ማከፋፈያ አለ። በዚያው ቀን ማታ መብራቱ ለአፍታ ድርግም ብሎ ሲመለስ የአውሬው ፊት ጠቆረ። አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ከፍቶ አየውና ባትሪው ፈጽሞ እንደሞተ፣ ምትኩም አዳማ ውስጥ እንደማይገኝ፣ ታዞ ቢመጣም ዋጋው የኮምፒውተሩን እኩሌታ እንደሚጠጋ ነገረው። ሮባ ይህንን ለማንም አልተናገረም። ለአባቱ እንዳይናገር አባቱን ቤት አስቀርቶ ሄዷል፤ ለጓደኞቹ እንዳይናገር ዕቃውን አሞግሷል።

ከጥናቱ ጓደኞች አንዷ ደራርቱ የምትባል ልጅ ናት። አባቷ ወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ናቸው። ውኃውን ለመለካት ሦስት ሳምንት ሙሉ በፀሐይ ከቦዩ ዳር የቆመች እርሷ ነበረች፤ ልኬቱንም በእርሳስ በደብተር ይዛዋለች። ጽሑፉ የሚጀመርበት ቀን ሲደርስ፣ መስታወቷ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ያለውን ሌላውን የጥናት ጓደኛ መሳይን እያመለከተች፣ «በመሳይ እንጻፈው፤ ቢያረጅም መብራት ሲሄድ አይጠፋም» አለች።

«የመሳይን ካልኩሌተር ነው የምትዪው?» አለ ሮባ። «የኔ አውሬ እያለ?»

ሁሉም ሳቁ፤ መሳይም አብሮ ሳቀ። ሥራው ለሮባ ተሰጠ።

ጽሑፉ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው የማደሪያው መብራት ጠፋ። ሮባ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጄኔሬተር ወደሚሠራበት ቤተ መጻሕፍት ሄደ፤ ከሶኬቱ አጠገብ ቦታ ስላላገኘ ሽቦውን በመተላለፊያው ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አንድ አላፊ ተማሪ ሽቦውን በእግሩ ጠልፎ ነቀለው። ይቅርታ ጠይቆ መልሶ ሰካው። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ጽሑፉ ግን አልከፈት አለ። በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረም።

ደራርቱ ስትደርስ ሮባ ጥቁሩን ሽቦ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር።

«ባትሪ እንደሌለው ያወቅኸው መቼ ነው?»

«የገዛሁት ቀን።»

«ሁለት ወር ሙሉ?»

ሮባ ሽቦውን በእጁ ላይ ይጠቀልል ጀመር።

«መጀመሪያ ነግረኸን ቢሆን በመሳይ እንጽፈው አልነበር? ማን ይስቅብህ ነበር? እሺ፣ ስቀንብህ ቢሆንስ?» ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አባቴ እኔን ለማስተማር ሸንኮራ ይቆርጣል። ትምህርቱን ደገምሁ ብዬ የምነግረውን ቃል አንተ ንገረኝ።»

የተረፈው የደራርቱ የእርሳስ ደብተርና የመሳይ ስንጥቅ ላፕቶፕ ነበሩ። አራቱ ተማሪዎች ሁለት ቀን ተራ በተራ ጻፉ፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ግን ሳያልቅ ሰዓቱ ደረሰ። ትምህርቱን ከመድገም ለጥቂት ተረፉ። መምህራቸው «ልኬቱ እጅግ መልካም፤ ጽሑፉ ያልተጠናቀቀ» ብሎ ጻፈበትና ሲ ሰጣቸው። ያ የሦስት ሳምንት ፀሐይ ዋጋው ሲ ሆነ።

ወጣቶች የሚያበራ ነገር መውደዳቸው አዲስ አይደለም፤ እኛም በወጣትነታችን የሚያበራ ጫማ እንወድድ ነበር። ሻጩ መሸጡም ሥራው ነው። ጥፋቱ ያለው ይሉኝታን ጨዋነት አድርገን ማስተማራችን ላይ ነው። ይሉኝታ ለገዢ የምትጠቅም ይመስላል እንጂ በሱቁ በር የቆመች የሻጩ ዘበኛ ናት። ወላጆች ሆይ፣ ለልጃችሁ ዕቃ ስትገዙ ስሙን አለማወቃችሁ አያሳፍራችሁ። ምን ሊሠራበት እንደሆነ፣ በሚኖርበት ክፍል መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ፣ ሽቦው ሲነቀል ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ዲግሪ አያስፈልግም። የተማራችሁም ብትሆኑ ያልተማረ ሰው በሚጠይቀው ጥያቄ አትሳቁ፤ ይህንን የምለው ከሳቁት አንዱ ሆኜ ነው።

በጥር ወር ሮባ ወደ ቤቴ መጣ።

«ጋሼ፣ ከአባቴ ጋር ያስታርቁኝ።»

«ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። ገና አያውቅም። እርስዎ ቢነግሩልኝ ብዬ ነው።»

«አብሬህ እሄዳለሁ» አልሁት። «አልናገርልህም ግን። ሱቅ ውስጥ የዘጋኸውን አፍ እኔ አልከፍትልህም።»

በገበያው ቀን ወለንጪቲ ወረድን። ኦቦ ሰንበታ አንድ ቀይ በሬ ፊት ቆመው አገኘናቸው። በሬው የሰባ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ከግራር ችካል ጋር የታሰረ ነበር።

«ገመዱን ፍታው» አሉ ሻጩን።

«ኦቦ ሰንበታ፣ እኔን ይጠራጠሩኛል?»

«አንተን አይደለም፤ በሬውን ነው። ፍታው።»

ሻጩ ፈታው። በሬው አምስት እርምጃ በደኅና ሄደ፤ በስድስተኛው ግራ የኋላ እግሩን ማነከስ ጀመረ። ሻጩ ራሱን አከከና ሳቀ። ኦቦ ሰንበታም ሳቁ። ማንም አልተቆጣ፤ ማንም አላፈረ። ከዚያ ዘወር ሲሉ አዩን።

«አካም ጅርታ፣ ሮባ! ያ ኮምፒውተርህ ደኅና ነው?»

ሮባ እኔን አየኝ። እኔ በሬውን አየሁ። ሮባ ኮምፒውተሩ ያለበትን ቦርሳ ከትከሻው አውርዶ በሁለት እጁ ያዘው።

«አባ፣ ታስሮ ሳለ ነው የገዛሁት። ጥያቄህን ይዤ ገብቼ ለመጠየቅ አፈርሁ። ከዚያም በፊት አንተን ይዤ ለመግባት አፈርሁ። የሌላ ሰው ልፋት ጭምር አበላሸሁ። ተሳስቻለሁ።»