ሁለቱ ሞተሮች አንድ ድምፅ ሲሆኑ

የወረቀት ፋብሪካው ዋና መካኒክ ሁለቱን ጄኔሬተሮች በሚያገናኘው ገመድ ሥር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። መፍቻው ከእጁ አልወጣም፤ መዳፉ ጠቁሯል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የገመዱን መጋጠሚያ አየችና ወደ ምክትል መካኒኩ ዞረች።

«ኤሌክትሪኩን ሳያቋርጥ ነው የነካው?»

«አዎ፣ የጄኔሬተሮቹ ሞተሮች ከጠዋት ጀምሮ እንደተገናኙ ናቸው። ጋሼ ቸኩለው ነው። ቀን ሲጥል ምን ይደረጋል!»

«የማገናኛው እጀታ ያለበት ክፍል ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«ሥራ አስኪያጁ ጋ፣ የግምጃ ቤት ኃላፊው ጋ፣ እኔም ጋ።»

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን እየጠረገ «አደጋ ነው ብለው ይጻፉልን» አላት። የግምጃ ቤት ኃላፊው የሟች ሚስት ወንድም ነው። «ከአማቼ ጋር ከተኳረፍን ዓመት አልፎናል፤ ግን እህቴን አላስለቅስም» አለ ማንም ሳይጠይቀው።

«ሳይጠሩት አቤት» አለች መርማሪዋ በልቧ።

የሟች ሚስት ቤት ከሞተሮቹ ግድግዳ ጀርባ ነው።

«ጠዋት ምን ሰሙ እናቴ?»

«ሌላ ጊዜ እንደ አንድ ሆነው ነው የሚያጉረመርሙት። ዛሬ ግን ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ኋላ ከፍ ዝቅ ማለቱ እየዘገየ፣ እየዘገየ መጣና አንድ ወጥ ሆነ። ወዲያው የባሌን ጩኸት ሰማሁ።»

መርማሪዋ ቁልፍ ያላቸውን ሦስቱንና የሟችን ሚስት በማገናኛው ክፍል ሰበሰበች።

«ሞተሮቹ በገመድ ሲያያዙ አንዱ ሌላውን እየጎተተ እኩል ይዞራሉ፤ ድምፃቸውም አንድ ይሆናል። ሲለያዩ ግን እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ነው ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚለው። ስለዚህ ሟቹ ገመዱን ከመንካቱ በፊት ለያይቷቸዋል። መልሶ አገናኝቶ ኤሌክትሪክ የላከበት ሌላ ሰው ነው።»

«በስህተት ይሆናላ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የማያውቅ ሰው እጀታውን ዝም ብሎ ቢገፋው፣ ሞተሮቹ ዙራቸው ሳይገጣጠም ይላተሙና ሕንጻው ይናወጥ ነበር። እዚህ ቆሞ ፍጥነታቸውን ያስተካከለ፣ እስኪገጥሙ ጠብቆ ያገናኘ ሰው አለ። ለዚህ ነው ከፍ ዝቅታው ቀስ በቀስ የዘገየው። እርስዎ ይችሉበታል?»

«እኔ? አምፖል እንኳ ቀይሬ አላውቅም!»

«እርስዎስ?»

«በጭራሽ» አለ የግምጃ ቤት ኃላፊው።

ዓይን ሁሉ ምክትሉ ላይ አረፈ።

«ከጠዋት ጀምሮ ተገናኝተዋል ያልከኝ አንተ ነህ» አለች መርማሪዋ። «በሥራ ሰዓት እንደምትጠጣ ሟቹ የጻፈውን ደብዳቤም የእሱ ጠረጴዛ ላይ አግኝቼዋለሁ።»

ምክትሉ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መሬት ላይ ወረወረው።

«ሃያ ዓመት አስተምሮኝ በአንድ ወረቀት ሊያባርረኝ!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማሽኖቹን ግን አልጎዳሁም። ቀስ ብዬ ነው ያገናኘኋቸው» አለ።

የሟች ሚስት ቀና ብላ አየችው።

«ለብረቱ አዘንክለት» አለች።