ትንፋሹን ከፕሮግራሙ ያወጣሁ ዕለት

በእናቴ እምላለሁ፣ ይህ የሆነ ነገር ነው። ዛሬ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወለሉን እያሞቀች፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ...

እናቴ ዓይነ ስውር ናት። ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብላትን ፕሮግራም የሠራነው በየአገሩ ያለን በጎ ፈቃደኞች ነን። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። አዲሶቹ ስልኮች ግን በድሮው ላይሰንስ፣ ማለትም በድሮው የአጠቃቀም ፈቃድ፣ አንቀበለውም አሉ። ላይሰንሱ ካልተቀየረ እናቴ ማንበብ ልታቆም ነው። ሳታነብ ከዋለች ደግሞ ቤቱ ይጠብባታል።

ላይሰንስ ለመቀየር ኮድ የጻፈ ሁሉ መፍቀድ አለበት። እምቢ ያለ ሰው ሥራው ይወጣል፤ በቦታው ኮዱን አይቶት የማያውቅ ሰው እንደ አዲስ ይጽፋል።

ሁሉም ፈቀዱ... ከአንዱ በቀር።

"ጉንዳን" ነበር የምንለው፤ ሥራ አይታክተውም። ድምፁ እያነበበ መሀል ላይ፣ አራት ነጥብ በደረሰ ቁጥር፣ ትንፋሽ እንዲወስድ ያደረገው እሱ ነው። አምና ሞቷል። ስለዚህ ወራሹ ለሆነው ወንድሙ ደወልኩ።

"ጠይቄው ነበር" አለኝ በሹክሹክታ። "እምቢ ብሏል።"

"ማን?"

"ወንድሜ።"

"ሞቷል አላልከኝም እንዴ?"

"ሞቷል።"

ስልኩ ተዘጋ።

ሐዘን የማያስብለው ነገር የለም ብዬ ተውኩት። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፣ የያዝኩትን አልለቅም። ትናንት ጠዋት ኮዱን አይታው የማታውቀውን የአክስቴን ልጅ የጉንዳንን ሥራ እንደ አዲስ እንድትጽፍ ቢሮዬ አስቀምጬ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ።

ስመለስ ጨርሳ ጠበቀችኝ። ከአሮጌው ጋር አመሳከርኩት።

አንድ ነጥብ እንኳ አይለይም...

"ከየት ገለበጥሽው?"

"ምን ነካህ? አንተ አይደለህ እንዴ ከኋላዬ ቆመህ ስትነግረኝ የነበርከው?"

"ዞር ብለሽ አየሽኝ?"

ፊቷ አመድ መሰለ።

"አላየሁህም... ትንፋሽህ ግን አንገቴ ላይ ነበር።"

አልዋሻችሁም፣ ፈራሁ። ግን የእናት ነገር ሆነብኝ። ትንፋሹ ይቅር፣ ዋናው ማንበቡ ነው ብዬ የጉንዳንን ኮድ ጠራርጌ አወጣሁ። ምንም አልተካሁበትም። ዛሬ አዲሱን ፕሮግራም እናቴ ስልክ ላይ ጫንኩና መጽሐፍ ከፈትኩላት።

ድምፁ ሳይተነፍስ ይንበለበል ጀመር።

"ይሄንን ደግሞ ማን አባረረው?" ብላ ሳቀች።

ከዚያ... መሀል ላይ ቆም አለ።

ትንፋሽ ሳበ።

የእናቴ ደረት አብሮ ከፍ አለ።

አነበበ... ቆመ... ሳበ። ደረቷም ከፍ አለ። በመሀሉ ግን አትተነፍስም።

"እማዬ?"

"እንዳታጠፋው... ልጄ..."

ደንግጬ ስልኩን አጠፋሁት። ደረቷ ቀጥ አለ። ከንፈሯ ጠቆረ።

ወዲያው መልሼ ከፈትኩት...

አሁን አጠገቧ ተቀምጫለሁ። መጽሐፉ አልቋል። ስልኩ የሚያነብላት ይህን የምጽፍላችሁን ነው።

አራት ነጥብ ባስቀመጥኩ ቁጥር ደረቷ ከፍ ይላል።